«ለልጅ ነው ለትልቅ?»

ቅዳሜ ከሰዓት ፍላሽ ላስጭን አራት ኪሎ ወጣሁ። ፊልም የሚጭንልኝ ልጅ ሱቁ አንድ ሰው ከገባ ሁለተኛው በር ላይ የሚቆምባት ዓይነት ናት። «ካርቱን ጫንልኝ» አልኩት። ቀና እንኳን ሳይል «ለልጅ ነው ለትልቅ?» አለኝ። «ለሁለታችንም» አልኩት። እጁ ማውሱ ላይ ቆመ። ፎልደሮቹን ከላይ እስከ ታች አየ፣ ደግሞ ከታች ወደ ላይ። «እንደሱ የሚል ፎልደር የለኝም» አለ።

ተሳሳቅን። ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ የሆነ ነገር ጫነልኝ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ወረደ። ግንፍሌ ቤቴ እስክደርስ በልቤ ስከራከረው ነበር። ልጁ አልተሳሳተም እኮ። ፎልደሮቹ ሰው የሚጠይቀውን ነው የሚመስሉት። የልጅ ካርቱን አለ፣ ቀለሙ የሚጮህ፣ ዘፈን በዘፈን የሆነ። የትልቅ ካርቱን አለ፣ ደም የሚረጭበት ወይ ስድብ የበዛበት። መሀል ላይ ያለው የት ይቀመጥ? እኔ ደግሞ የምፈልገው እሱን ነው። የ5 ዓመቱ የእህቴ ልጅ አቡሽ፣ እኔ እና እማዬ አንድ ሶፋ ላይ ተደርድረን፣ ማንም ስልኩን ሳያወጣ እስከ መጨረሻው የምናየውን።

ይሄን ነገር በደንብ እንዳስብበት ያደረገኝ ፀጉር ቤት ነው።

አቡሽ ፀጉሩን መቆረጥ አይወድም። አይወድም ማለት ያንሰዋል። ቶንዶሱ ገና ሲበራ ይጀምራል። እናቱ ሲሰለቻት ለእኔ አሳልፋ ሰጠችኝ፣ ስለዚህ በየ3 ሳምንቱ ፒያሳ አካባቢ ያለች አንዲት የወንዶች ፀጉር ቤት አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ፣ ብቸኛዋ ሴት ሆኜ። ባለሙያው ዘዴ አለው። የወንበሩ እጀታ ላይ ጣውላ ያጋድማል፣ አቡሽን እላዩ ላይ ይሰቅለዋል፣ ከመስታወቱ በላይ የተንጠለጠለውን ቲቪ ካርቱን ላይ ያደርግለታል። ድምፅ ግን የለውም። ስፒከሩ የሙዚቃ ነው፣ እዚያ ቤት ጥላሁን ከተከፈተ ደግሞ የሚደፍር የለም።

አንድ ቀን መጀመሪያ የበራው አዲስ ነገር ነበር። በኮምፒውተር የተሠራ፣ የእንስሳው ፀጉር አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ እንዴት የሚያምር መሰላችሁ። ገጸ ባህሪያቱ ቆመው ያወራሉ። ከዚያም ያወራሉ። ቦታ ቀይረው ያወራሉ። ያለ ድምፅ ስታዩት ስብሰባ ነው የሚመስለው። አቡሽ ልቅሶውን ቀጠለ። ባለሙያው በአንድ እጁ ቶንዶስ በአንድ እጁ ሪሞት ይዞ ቻናሉን ቀየረ። ቶም እና ጄሪ መጣ። ልቅሶው መሀል ላይ ተቋረጠ፣ አፉ እንደተከፈተ።

ከጎኔ ኮትና ባርኔጣ ያደረጉ፣ 70 ያለፋቸው የሚመስሉ አባት ተራ እየጠበቁ ጋዜጣ ያነባሉ። ድመቱ ወጥመድ አጥምዶ ግድግዳ ጥግ ተደብቋል። አይጡ አይቡን አንስቶ በሰላም ሄደ፣ ወጥመዱ አልሠራም። ድመቱ ግራ ገብቶት መጣ፣ ወጥመዱን በጣቱ ነካ አደረገው። ምንም። ደግሞ ነካ አደረገው። ምንም። እዚህ ጋ ጋዜጣው ዝቅ አለ። በሦስተኛው ወጥመዱ ጣቱን ያዘው። ድመቱ ግን ወዲያው አልጮኸም። ጣቱን አየ። ዞሮ እኛን አየ። ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ቀስ እያለ ቀላ፣ ከዚያ ነው ጣሪያ የነካው። አቡሽ ክትክት ብሎ ሳቀ፣ ሽማግሌው በሳቅ ፍርፍር አሉ፣ ሁለቱም እኩል፣ ልክ ዞሮ እኛን ሲያይ። ሌላኛው ወንበር ተለቆ ባለሙያው «ጋሼ፣ ተራዎ ደርሷል» ሲላቸው «ቆይ እስቲ፣ የዚህን ጉድ መጨረሻ ልየው» አሉት።

በሁለቱ መሀል ቢያንስ 65 ዓመት አለ። አንዱ ገና ፊደል እየቆጠረ ነው፣ አንዱ ስንት መንግሥት አይተዋል። የሳቁት ግን በተለያየ ነገር አይደለም። ተመሳሳይ ቦታ፣ ተመሳሳይ ሰከንድ ላይ ነው። ለእኔ ጥሩ ካርቱን ማለት ከዚያ ቀን ወዲህ ይሄ ሆነ። ልጁና ትልቁ አንድ ቦታ ላይ ሲነኩ።

ቤት ገብቼ ስለ ታሪኩ ትንሽ አነበብኩ። ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ የመጀመሪያዋን የቶምና ጄሪ ፊልም ያወጡት በፈረንጆቹ 1940 ነው፣ ኤም ጂ ኤም የሚባል የአሜሪካ ፊልም ኩባንያ ውስጥ እየሠሩ። እስከ 1958 ድረስ 114 አጫጭር ፊልሞች ሠርተዋል፣ 7ቱ ኦስካር አምጥተዋል። እኔን የገረመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። እነዚያ ፊልሞች የተሠሩት ለሲኒማ ቤት ነው። ሰው ዋናውን ፊልም ሊያይ ቲኬት ቆርጦ ሲገባ፣ ከሱ በፊት 7 ደቂቃ ገደማ የምትሆን ካርቱን ትታያለች። አዳራሹ ውስጥ ከሥራ የወጣው አለ፣ ፍቅረኛሞች አሉ፣ ልጇን ይዛ የገባች እናት አለች። ሠሪዎቹ ማንን መርጠው ያስቁ? «የልጆች» የሚለው ምልክት በደንብ የተለጠፈባቸው ኋላ ቴሌቪዥን ሲመጣና የልጆች ሰዓት የሚባል ነገር ሲፈጠር ነው። ማለትም ያ ፎልደር ድሮ አልነበረም።

በነገራችን ላይ ሁሉም ነገራቸው ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። በድሮዎቹ ውስጥ እግሯ ብቻ የሚታየው ጥቁሯ የቤት ሠራተኛ የተሳለችበትና የምትናገርበት መንገድ ያሳፍራል። ኋላ ላይ ከአንዳንዶቹ ተቆርጣ ወጥታለች፣ ድምጿም ተቀይሯል። ከአቡሽ ጋር ሳይ እነዚያን እዘላለሁ።

አሁን ወደ ድመቱ ጣት ልመለስ። ያቺ ዝም ያለባት ቅጽበት ከአእምሮዬ አልወጣ አለችኝ። ሲኒማ በአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። በእጅ የሚሳል ካርቱን ላይ ብዙ ጊዜ አንዱ ስዕል ለ2 ምስል ስለሚያገለግል፣ ለአንድ ሰከንድ 12 ስዕል ይበቃል። 7 ደቂቃ ብትሉት በዚህ ሂሳብ 5,040 ስዕል ማለት ነው። በእጅ። አንድ በአንድ። እንግዲህ ድመቱ ለ2 ሰከንድ ዝም ብሎ ካየን፣ ለ48 ምስል ሙሉ «ምንም አይሁን» ብሎ የወሰነ ሰው አለ ማለት ነው። ተዋናይ ቢሆን ረስቶት ነው ትላላችሁ። ካርቱን ላይ የሚረሳ ነገር የለም። ዝምታውም ተለክቶ ነው የሚቀመጠው። አቡሽንና ሽማግሌውን አንድ ያደረጋቸው እሱ የተለካ ዝምታ ነው እንጂ ጩኸቱማ በኋላ ነው የመጣው።

ዩቲዩብ ላይ ሲፈሱ የሚውሉት የልጆች ቪዲዮዎች የጎደላቸው ይሄ ይመስለኛል። ምስሉ በየሰከንዱ ይቆረጣል፣ ሁሉም ነገር ይዘላል፣ ሁሉም ነገር ይዘፍናል፣ ምንም የሚጠበቅ ነገር የለም። ልጁ ያያል ግን አይስቅም። አስተውላችሁ ከሆነ ፊቱ ፈዝዞ አፉን ከፍቶ ነው የሚያየው። እኔም ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኬን የሰጠሁበት ቀን ብዙ ነው፣ ቅድስት ነኝ አልልም። ግን አብሬው ቁጭ ብዬ ልየው ብል በ5 ደቂቃ ራሴን ያመኛል። ትልቅ ሰው 5 ደቂቃ ሊያየው የማይችለውን ነገር ለልጅ መስጠት፣ እኛ የማንበላውን እንጀራ እንደመስጠት ነው።

ለተወሰነ ጊዜ ታዲያ ፀጉር ቤቱን መፈተኛ አደረግኩት። ድምፁን አጥፍቼ አያለሁ፣ ታሪኩ ከገባኝ ጥሩ፣ ካልገባኝ መጥፎ። ሰው ሁሉ ይሄን እንዲሞክር መምከርም ጀምሬ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ያንኑ ድመት ከነድምፁ ከፈትኩት። እግዚኦ። ግማሹን ነው ያጣሁት። ስኮት ብራድሊ የሚባል ሙዚቀኛ ነው ያቀናበረው፣ ሙሉ ኦርኬስትራ ይዞ። ድመቱ በጣቱ ጫፍ ሲራመድ ቫዮሊኑም በጣቱ ጫፍ ይራመዳል። ደረጃ ሲወድቅ ፒያኖው አብሮት ይወድቃል። ያቺ የድመቱ የታወቀች ጩኸት ደግሞ የሌላ የማንም ሳትሆን የሃና የራሱ ድምፅ ናት፣ ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ገብቶ የጮኸው ነው። ስለዚህ ፈተናዬን አሻሻልኩት። ድምፅ ይኑር፣ ወሬ ግን ባይኖርም ይግባን። ታናሽ ወንድሜ ልጅ ሆኖ ኤምቢሲ 3 ላይ ተጥዶ ሲውል አረብኛ አንዲት ቃል አይችልም ነበር። ሲስቅ ግን ጎረቤት ይሰማው ነበር።

የካርቱን ሠሪዎች ትልቁን ሰው ለመያዝ የሚጠቀሙባት ሌላ ዘዴ አለች፣ እሷን አልወዳትም። ከልጁ ጭንቅላት በላይ ቀልድ መወርወር። ስሙን የማልጠራው አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለ ሲኒማ ቤት አቡሽን ይዤ ገባሁ። ፊልሙ ላይ አንድ እንስሳ የሆነ የታወቀ ሰው አነጋገር አስመስሎ አንድ ነገር አለ፣ ወላጆች ሳቁ። ልጆቹ በሙሉ፣ እንደተነጋገሩ፣ ወደ ወላጆቻቸው ዞሩ። «ምን አለ? ምን አለ?» ረድፉ ሁሉ። ምን ብዬ ላስረዳው? እስካስረዳው ሌላ ሁለት ቀልድ አለፈ። ከዚያ ደግሞ ተራው የልጆቹ ሆነ፣ አንዱ እንስሳ ፈሳ፣ ልጆቹ ሳቁ፣ ወላጆች ስልካቸውን አወጡ። እንደዚህ ተራ በተራ እየሳቅን 90 ደቂቃ አለቀ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ፊልም ነው ያየነው።

ይሄን ለአንድ ጓደኛዬ ሳወራው «ያው ሰምና ወርቅ ነዋ፣ ሰሙ ለልጁ ወርቁ ለትልቁ» አለኝ። ጥሩ አማርኛ ነው ግን አልተዋጠልኝም። ለምን እንዳልተዋጠልኝ የገባኝ እማዬ ለአቡሽ ተረት ስትነግረው ነው።

ታውቁታላችሁ ተረቱን። ድርቅ ሆነ፣ እንስሳቱ ተሰበሰቡ፣ «ይሄ መዓት የመጣው በኃጢአታችን ነው፣ እንናዘዝ» ተባባሉ። አያ አንበሶ «እኔ አንድ በሬ ሰብሬ በልቻለሁ» አለ። «አንተማ አንበሳ ነህ፣ ምን ኃጢአት አለው» አሉት። ነብሩ ፍየል፣ አያ ጅቦ ከመንደር የሰረቀውን ተናዘዙ፣ ሁሉም ተማረላቸው። አህያዋ ብቻ ቀረች። «ጌታዬ መንገድ ላይ ከሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ፣ ከመንገዱ ዳር ትንሽ ሣር ነጨሁ» አለች። «አሃ! አንቺ ነሽ ለካ!» ብለው ዘለው በሏት።

አቡሽ ተነስቶ ቆመ። «ሣር እኮ ነው የበላችው!» አለ፣ እንባው መጥቶ። እኔ ደግሞ ቡናዬን እንደያዝኩ የድሮ መሥሪያ ቤቴ የግምገማ ስብሰባ ውስጥ ነበርኩ። ማን በሬ እንደበላ፣ ማን ሣር ነጭታ እንደተባረረች በስም እቆጥራለሁ። ታዲያ ሰሙ ለሱ ወርቁ ለእኔ ነው? አይደለም። ልጁ ወርቁን በእጁ ይዞታል። የጎደለው የስብሰባ ልምድ ብቻ ነው። ንዴታችን አንድ ነው። እማዬ ለሱ ብላ ያቃለለችው፣ ለእኔ ብላ የደበቀችው ነገር የለም። አንድ ተረት ነው የነገረችን፣ ያውም ቀላል። «ታዲያ ከዚህ ምን ተማርን?» ብላም አልጠየቀችው። ቡናዋን ቀዳች።

እዚህ ላይ ስለራሳችን ትንሽ ልበል። ለልጅ የምንሠራው ነገር መጨረሻው ላይ ምክር ካልተለጠፈበት የተሠራ አይመስለንም። ወንድ ልጅ እጁን ይታጠብ፣ ሴት ልጅ ትማር፣ ሁሉም ታላቁን ያክብር። ይሁን፣ መልካም ነው። ግን ልጅ ምክር ሲመጣ ከሩቅ ይሸተዋል፣ ልክ እኛ ስብከት ሲመጣ እንደሚሸተን። አባባ ተስፋዬ እንኳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» እያሉን ያደግነው ለምክራቸው ብለን አይመስለኝም። ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ነግረዋል፣ ያለ አንድ ስዕል፣ ያለ አንድ ኮምፒውተር። አንበሳውንም ጦጣዋንም ራሳቸው ነበሩ። ቤታችን ውስጥ አባዬ ከክፍሉ ሲወጣ «ዜና ደረሰ እንዴ?» ይላል፣ እንዳልደረሰ እያወቀ፣ ከዚያ በሩ ላይ ተደግፎ ተረቱን ይጨርሳል። ምክሩ ጋ ሲደርስ ይገባል። እኛም ጆሯችን እዚያ ጋ ይዘጋል።

«ፀሐይ መማር ትወዳለች» የምትባለው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም የተሻለች የሆነችብኝ በዚህ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ መምህርት ነበረች፣ ከባለቤቷ ጋር ሆና ቤታቸው ውስጥ በካልሲ አሻንጉሊት ነው የጀመሩት። ፀሐይ የ6 ዓመት ቀጭኔ ናት። ዋናው ነገር ፀሐይ አታውቅም። ትጠይቃለች። የምታስተምር ቀጭኔ ብትሆን ኖሮ ማን ይሰማታል? የሷ ዓላማ ትልቁን ሰው ማሳቅ አይደለም፣ ለልጅ ነው የተሠራችው፣ እሱን አውቃለሁ። ቢሆንም እማዬ ሁለት ክፍል ሙሉ ሳትነሳ አይታታለች፣ በአማርኛ ስለሆነ ነው ብላ ሰበብ ሰጠች።

ሌላው ነገር ሞት ነው። ላየን ኪንግ የወጣው በፈረንጆቹ 1994 ነው፣ እኛ ጋ በቪዲዮ ካሴት እስኪደርስ ግን ጊዜ ወስዷል። ጎረቤት ቤት ነው ያየሁት፣ ወለሉ ላይ 9 ልጆች ተደርድረን። ሙፋሳ ወደቀ፣ ሲምባ ሄዶ ቀሰቀሰው፣ ጆሮውን ጎተተው፣ አልነቃም። እኛ ጠበቅን። ካርቱን ነዋ፣ ካርቱን ላይ የሞተ ይነሳል፣ ድመቱ ስንቴ ተነስቷል። አልተነሳም። ያን ጊዜ ነው የቤቱ አባወራ፣ ሳቁን እንኳ አይተን የማናውቀው ሰውዬ፣ ከኋላችን ብድግ ብለው «ውሃ መጥታ እንደሆን ልያት» ብለው የወጡት። በሰፈራችን ውሃ የምትመጣው ሌሊት ብቻ ነበር።

እዚህም ልጅና ትልቅ አንድ ቦታ ላይ ነው የተነኩት። ሁሌ ግን እንደዚያ አይሆንም፣ ህጌን ራሴ ላፍርሰው። በፈረንጆቹ 2009 የወጣው «አፕ» የሚባለው የፒክሳር ፊልም መጀመሪያው ላይ ባልና ሚስት ተጋብተው፣ ቤት አድሰው፣ ልጅ ሳይወልዱ፣ አርጅተው እሷ እስክትሞት ድረስ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያሳያል፣ ያለ አንዲት ቃል። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ነው ያየሁት። አቡሽ «ፊኛው መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ። እሺ፣ ይሁን። አላዘነም ግን አልሰለቸውም፣ ምክንያቱም የሚያየው ነገር ነበረው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግመን ስናየው «ያቺ ሴትዮ ወንበሯ አለ፣ እሷ የለችም» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ዝም አልኩት።

አሁን ባለፈው ፋሲካ ቤታችን የሆነውን ልንገራችሁ፣ ከዚህ ጋር ይገናኛል።

እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም፣ አቡሽ ደግሞ የሚያየው አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ እሱ ሲያይ እሷ ሽንብራዋን ትለቅማለች። አንድ ቀን ሾን የሚባለውን በግ ጫንኩላቸው። የእንግሊዞች ሥራ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ2007 ጀምሮ ያለ። ስዕል አይደለም፣ አሻንጉሊት እያቆሙ፣ ትንሽ እያንቀሳቀሱ፣ ምስል በምስል እያነሱ ነው የሚሠሩት። ማንም ሰው ቃል አይናገርም። ገበሬው እንኳ ያጉረመርማል እንጂ አያወራም። በጎቹ ገበሬው ሲያያቸው በግ ናቸው፣ ዞር ሲል ይቆማሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ ተንኮል ይሠራሉ። ውሻው መሀል ቤት ይቸገራል። እማዬ ገጠር ነው ያደገችው፣ በግ ጠብቃለች። ሽንብራው ቀረ። «አየኸው፣ አየኸው! ያ መሪው ነው፣ እነዚያ ዝም ብለው ይከተሉታል፣ በግ እንዲህ ነው!» ትላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ አስረጂ ሆነች፣ አቡሽ ሰሚ። ከእኔ በላይ ይስቁ ነበር።

የፋሲካ በግ ከሾላ ተገዝቶ የመጣው ቅዳም ሹር ዕለት ጠዋት ነው። ግቢ ውስጥ ታሰረ። አቡሽ ሲያየው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ዞር ብሎ፣ ቆይቶ፣ በድንገት መመለስ ነው። ሲቆም ሊይዘው ፈልጎ ነው። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ዋለ። ማታ ላይ ስሙን ሾን አለው። የእህቴ ባል ቢላዋውን ሲስል ሰምቶ «ስም አወጣለት?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አወጣለት» አልኩት። ቢላዋውን አየ፣ በጉን አየ። እማዬ ከውስጥ ሆና «ምን ቆማችሁ ታወራላችሁ፣ 55 ቀን የጾመ ሰው ስም አይበላ» አለች።

እሁድ ጠዋት አቡሽ ተኝቶ እያለ ነገሩ አለቀ። ሲነሳ «ሾንስ?» አለ። «ገጠር ሄደ፣ እናቱ ጋ» አልነው፣ ሦስታችንም በአንድ አፍ። ዘዴያችን ጥሩ ነበር። ችግሩ በዓል ነው፣ በዓል ጠዋት ደግሞ በየሰፈሩ የሚዞሩት ልጆች «ቆዳ! የበግ ቆዳ!» እያሉ በሩን ይመታሉ። የእህቴ ባል ቆዳውን ጠቅልሎ ሲያወጣ አቡሽ በረንዳ ላይ ነበር። ነጭ፣ ጆሮው ጋ ጥቁር ያለበት ቆዳ።

አላለቀሰም። ይሄ ነው የጎዳኝ። ዝም ብሎ ገባ። ጥብስ ሲቀርብለት «አልራበኝም» አለ። ላየን ኪንግ ትዝ አለኝ። የሆነ ቦታ ያሉ ስዕል የሚስሉ ሰዎች ለማያውቋቸው 9 የአዲስ አበባ ልጆች እውነቱን ነገሯቸው፣ ልጆቹም ቻሉት። እኛ የገዛ ልጃችንን «ገጠር ሄደ» አልነው።

ከሰዓት እኔ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል አቡሽ ፍላሹን ይዞ መጣ፣ ለእማዬ ሰጣት። ሪሞት መጠቀም አትችልም፣ እኔን ቀሰቀሰችኝ። በጎቹ በረት ሲገቡ የሚታይበት ክፍል ነበር። አቡሽ ቲቪው ሥር ሄዶ ቆመ፣ በጣቱ እየነካ በሹክሹክታ ይቆጥራል። 5 ላይ ሲደርስ በጎቹ ይንቀሳቀሱበታል፣ እንደገና ይጀምራል።

እማዬ ከኋላው፣ ዓይኗን ከቲቪው ሳትነቅል፣ «አሉ፣ አሉ፣ እኔም ቆጥሬያቸዋለሁ» አለችው።